መሃሉ ክፍት የቀረው ብርድ ልብስ

— ሄሎ… አቤት፣ እኔ ነኝ። እህትሽ እንጂ ሌላ ማን ስልኬን ያነሳል? … እጄ ጨርቅ ይዟል፣ ትንሽ ጮክ በይ።

— አዎ፣ የላክሽው ጨርቅ ደረሰኝ። ቀኑን ሙሉ የደወልኩልሽ ለዚሁ ነው። እኔ ለብርድ ልብሱ መዳፌን የሚያህል፣ አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ቁራጭ ነው ያልኩሽ። አንቺ የላክሽው አንዱ መሀረብ ያህላል፣ አንዱ የኪስ ክዳን። … በዓይንሽ ለክተሽ? እሱማ ያስታውቃል። ይኸው ከጠዋት ጀምሮ የሰፋሁትን እተረትራለሁ፤ ጠርዝና ጠርዙ አልገጥም ብሎኝ አንገቴ ደረቀ።

— እሱን ተይው፣ አስተካክዬዋለሁ። የእማዬ ልብስ ሁሉ ገብቷል፤ የቤት ቀሚሷ፣ አበባ ያለበት፣ ሽርጧ ሳይቀር። መሃሉ ብቻ ነው ክፍት የቀረው። አረንጓዴው ቀሚሷስ? … እንዴት ጠፋ? ባለፈው ሳጥን ውስጥ ነው አላልሽኝም? ከዚያ በፊት ደግሞ ልብስ አጣቢዋ ጋ ነው አልሽ። … አልጮህኩም። አባባ ነው መላ ያሳጣኝ። እማዬ ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ እንቢ ብሎታል፤ ከቀሚሶቿ ብርድ ልብስ ስፉልኝ አለ፣ ሌላ ምን ጠየቀን? ቁራጮቹን በጣቱ ይዳስስና አረንጓዴዋ የታለች ይለኛል። ራሱ መርጦ የገዛላትን እኮ ነው። ምን ልበለው?

— ሄሎ? ትሰሚኛለሽ? … ምን አደረግሽው? … ለልጅሽ? አጥብበሽ፣ አሳጥረሽ፣ ቀሚስ ሰፋሽላት… ታዲያ ይሄን ቀድሞ መናገር ምን ነበረበት? እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ መሃሉን ክፍት አድርጌ… አታልቅሺ እንግዲህ። ማልቀስ ያለብኝ እኔ ነኝ።

— ቆይ አንዴ። … ምንም አይደለም አባባ፣ ቁጭ በል። … እሷ ናት። አረንጓዴዋን ለልጇ ቀሚስ አድርጋታለች።

— ሄሎ… ሰማ። … አልተቆጣም። 'ልክ ሆናት ወይ?' ነው የሚለው። … እኔ ምን አውቄ፣ መልሺለት እንጂ። … ትንሽ ይረዝማታል ትላለች፣ አባባ። … 'እንዳታሳጥሩባት፣ ታድጋለች' ይልሻል። … የለም፣ መቀስ እንዳታነሺ። ለብሳው ትምጣና ይያት። የብርድ ልብሱን መሃል ከእማዬ ሽርጥ በተረፈው እደፍነዋለሁ።

— እኔማ አሁንም ተናድጄብሻለሁ። እሁድ ይዘሻት ነይ። … ቆይ ቆይ፣ ያላለቀውን ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጣለው። አባባ፣ ተው፣ መርፌ አለበት… አይሰማኝም። ዓይኑን ጨፍኗል፤ እንቅልፍ ወሰደው መሰለኝ። … ልዝጋው፣ መርፌው እንዳይወጋው ቀስ ብዬ ላውጣለት።