የስልኩ ጣሪያ

ቆርቆሮ ሠሪው ሽማግሌ ያችን በመንገዱ ዳር የቆመች ባለሦስት እግር መሣሪያ ሲያዩ ይህ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር። መሣሪያዋ እንደሆነች ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፤ እንግዲህ አንድ ቦታ የሚሽከረከሩት እሳቸው ናቸው ማለት ነው። ይህ ሲገባቸው ከመሪው ቀና ብለው ሰዓታቸውን አዩ።

ቢጨነቁ አይፈረድባቸውም። በጎናቸው የተቀመጡት ባለቤታቸው ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው፣ ሰውን በድምፁ ብቻ መለየት ከጀመሩ ዓመት አልፏል። ዛሬ ተራቸው ደርሷል። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠሩት እንግዳ ሐኪም ነገ ይሄዳሉ፤ የሚመለሱት በዓመቱ ነው። እስከ አራት ሰዓት ያልደረሰ በሽተኛ ስሙ ተሰርዞ ተራው ለሌላ ይሰጣል። ክሊኒኩ ደግሞ ባለፈው ወር ወደዚህ አዲስ ሰፈር ተዛውሯል፤ መንገዱ ስም አልወጣለትም፣ ሕንጻው ሁሉ መንታ ይመስላል፣ አንዱ መንገደኛ ወደ ግራ ሲል ሌላው ወደ ቀኝ ይጠቁማል። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ሆኗል።

"ደረስን?" አሉ ባለቤታቸው።

"ልንደርስ ነው" አሉ ሽማግሌው፤ ውሸታቸውን ነበር።

መኪናዋን አቁመው መስኮቱን አወረዱ። ከመሣሪያዋ ኋላ የነበረችው ወጣት፣ ለመንገድ ሥራ መሬት የምትለካ ቀያሽ ናት፣ ወደ እሳቸው መጣች።

"አባባ፣ ሦስት ጊዜ አለፉኝ እኮ። ምን ጠፍቶብዎት ነው?"

"የዓይን ክሊኒኩ ነዋ ልጄ! ካርታውን ልከውልኛል፤ ይህ ስልክ ተብዬ ግን ጉድ ሠራኝ። አሁን እዚህ ነህ ይለኛል፣ ወዲያው ከማዶ ሰፈር ይወስደኛል። ደጃፌ ላይ በእጄ ስይዘው ደህና ነው፤ መኪና ውስጥ ሲገባ ነው የሚያብደው። እንደ ሰው መኪና ሳያዞረው አይቀርም።"

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አንገቷን በመስኮቱ አስገባች። ስልኩ የራሱ ቤት ነበረው። አርባ ዓመት ጣሪያ ሲመቱ የኖሩት ሽማግሌ፣ ፀሐይ እንዳይመታው ሌባም እንዳያየው ብለው ከምርጥ ቆርቆሮ ሳጥን ሠርተውለታል፤ ከላይ ጣሪያ፣ ከኋላና ከጎን ግድግዳ ያለው፣ ወደ ሾፌሩ ብቻ የተከፈተ፣ ከመሪው አጠገብ በአራት ብሎን የታሰረ። ጠርዙ ላይ አበባ ተቀርጾበታል። እንዲህ ያለውን የእጅ ሥራ እያዩ ለሠሪው ጥፋቱ የእርስዎ ነው ማለት ይከብዳል፤ ልጅቷ ግን በትሕትና ተናገረችው።

"አባባ፣ ሥራው እጅግ ያምራል። ስልክዎን ያሳወረው ግን እሱ ነው። ስልክ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ሰማይ ላይ ካሉ ሳተላይቶች በሚመጣ ምልክት ነው። ያንን ምልክት ብረት ይመልሰዋል። ስልኩም ሲቸግረው በግምት ይነግርዎታል።"

"ተይ እንጂ ልጄ! እዚያው ሳጥን ውስጥ እንዳለ ይደወልልኛል፤ አወራበታለሁ። የሰው ድምፅ ያስገባ ቆርቆሮ መንገዱን ምን ቆርጦት ይከለክላል?"

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። ሽማግሌ የሚቃወመው ስለማያስብ ነው የሚሉ ወጣቶች ይህን ልብ ቢሉ መልካም ነው። ልጅቷም አልናቀችውም።

"የስልኩ ማማ ቅርብ ነው፤ ያውና ይታያል። እንደሚጮህ ጎረቤት ነው፣ በቀዳዳም በመስኮትም ይሰማል። ሳተላይቱ ግን ከሃያ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው ያለው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ሹክሹክታ ነው። የእኔም መሣሪያ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር ሳቆመው ይሳሳትብኛል። ሰማይ ማየት አለበት።"

"ብሎን ስፈታ አራት ሰዓት ቢሞላስ?" ሽማግሌው ማርሹን ጨበጡ። "ከዚህ ሁሉ አንድ ሰው ልጠይቅና ልሂድ።"

"እስካሁን ስንት ሰው ጠየቁ?"

"ሰባት" አሉ ቀስ ብለው።

እስካሁን ሲያዳምጡ የነበሩት ባለቤታቸው ፊታቸውን ወደ ሽማግሌው ድምፅ መለሱ።

"እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ። አንተ የመታኸው ጣሪያ አፍስሶ ያውቃል?"

"በፍጹም!" አሉ ሽማግሌው ቱግ ብለው። "አርባ ዓመት ሙሉ ከሰማይ የመጣ አንዲት ጠብታ አሳልፌ አላውቅም!"

"እንግዲያው ልጅቷ እውነቷን ነው። ከሰማይ የሚመጣውን ሁሉ መልሰህበታል። ፍታው።"

ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ሥር መፍቻ አውጥተው አራቱን ብሎን እየተጣደፉ ፈቱ። ልጅቷም የስልኩን ባትሪ ቁጠባ አጠፋች፤ እሱ ሲበራ ስልኩ ቦታውን ቶሎ ቶሎ አይፈትሽም።

"አሁን ከፎቆቹ መሐል ይውጡና እዚያ ገላጣው ላይ ይቁሙ። ምልክቱ ከረጃጅም ግንብ እየነጠረ ያሳስተዋል። ካርታው ላይ ያሉበትን የምታሳየውን ነጥብ የከበበችው ክብ እስክትጠብ ሁለት ደቂቃ ይታገሱ።"

"በዚህ ሰዓት ልቁም?"

"ሁለት ደቂቃ ቆመው ቢደርሱ ይሻላል፣ ሰዓት ሙሉ ዞረው ከሚቀሩ። ለሌላ ጊዜ ደግሞ ካርታውን ከቤት ሳይወጡ ያውርዱት፤ ኔትወርክ ቢጠፋም ይመራዎታል።"

"ሳጥኑ ከተነሣ ስልኩን ማን ሊይዘው ነው?"

"እኔ" አሉ ባለቤታቸው፤ ተቀብለውም በሁለት እጃቸው ከፊት መስታወቱ ሥር አስጠጉት።

ገላጣው ላይ ሲቆሙ ክቧ ግማሹን ሰፈር ውጣ ነበር። ሽማግሌው አንዴ እሷን አንዴ ሰዓቱን እያዩ ተቁነጠነጡ። ለአራት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ሞኝ ሆኜ ልጅ ሰምቼ ዓይኗን አስቀረሁባት ሲሉ አሰቡ። ክቧ ጠበበች፤ ደግሞ ጠበበች፤ በመጨረሻ ነጥቧ እነሱ የቆሙበት አስፋልት ላይ ቁጭ አለች።

"ወደ ቀኝ ታጠፍ" አለ ስልኩ፤ ታጠፉ። "ወደ ግራ" አለ፤ ታጠፉ። የባለቤታቸው ክንድ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

"ደከመሽ፣ ትንሽ አውርጂው።"

"አንተ ንዳ!"

ክሊኒኩ በር ላይ ሲደርሱ ለአራት ስድስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ነርሷ ስማቸውን እየጠራች አገኟት።

በማግስቱ ሽማግሌው ቀዶ ሕክምና የተደረገለት የባለቤታቸው አንድ ዓይን ፋሻ እስኪፈታ በክሊኒኩ ግቢ ሲጠብቁ፣ ስልኩን ከማርሹ ሥር የወሸቀ ሾፌር አይተው አላስቻላቸውም።

"ልጄ፣ ሰማይ አሳየው! በላዩ ብረት አታድርግበት። ፀሐይ እንዳይጎዳው መኪናዋን ስታቆም አንሣው፤ ስትነዳ ግን ከመስታወቱ ሥር አስቀምጠው። ነዳጅህንም፣ ጊዜህንም፣ ቀጠሮህንም ታተርፋለህ። የእኔ የግትርነት ዋጋ የሚስቴ ዓይን ሊሆን ነበር።"

ይህን ሲናገሩ ባለቤታቸው ማንም ሳይመራቸው ወጡ። ቀስ ብለው መጥተው ከመኪናዋ ገቡ፤ ስልኩ ከመስታወቱ ሥር በአዲስ የላስቲክ መያዣ ቆሟል።

"ሳጥኑስ?"

"ሐኪሙ የዓይን ጠብታሽን ፀሐይ እንዳያገኘው ብለዋል" አሉ ሽማግሌው፤ ሳጥኑንም ከነጠብታው ሰጧቸው።

ባለቤታቸው ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ዙሪያውን ተመለከቱት።

"አበባ አለው እንዴ?"

"ከተቀረጸ ስምንት ወሩ።"

"ነግረኸኝ አታውቅም።"

"እስክታዪው ብዬ ነዋ።"