ልጆችን ዳገት ያወጡ የነበሩት የአቶ ፈዬራ ሚልኬሳ ዜና ሕይወት

ፊታችን ባለው አስከሬን እምላለሁ፣ የምነግራችሁን አታምኑኝም፤ ፊደል ስላልቆጠርኩም ይህችን ወረቀት የያዝኳት ለወጉ ነው። አቶ ፈዬራ ከገበሬው ከአቶ ሚልኬሳና ከወይዘሮ ጂቱ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በኮተቤ ተወለዱ፤ እንደ ተወለዱም አላለቀሱም፤ በቀጥታ ወደ ዳገቱ መዳኽ ጀመሩ።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ሲከታተሉ ዓይናቸው ከመስኮቱ ውጪ ተራራው ላይ ስለ ነበር፣ ከጂኦግራፊ በቀር ሁሉንም ወደቁ። በኋላም የአባታቸው ማሳ ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ ገብስ ባጨዱበት መሬት ላይ የግቢ ጥበቃ ሆነው ተቀጠሩ።

በዚያም የሰፈሩ ልጆች ስልክ ላይ ተደፍተው አንገታቸው ሲጣመም ቢያዩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሰበሰቡ ዳገቱን ያወጧቸው ጀመር። «ባዶ እጅ ዳገት አይወጣም» የሚል ሕግ ነበራቸውና፣ እያንዳንዱ ልጅ በላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ይይዛል፤ ግማሹን ለተከለው የጽድ ችግኝ፣ ግማሹን ደግሞ እላይ ብቻቸውን ለሚኖሩት፣ ወገባቸው ለጎበጠው ለእማሆይ ወለተሥላሴ በርሜል ያፈሳል። ያ ውኃ ቢጠራቀም ዓባይ ራሱ በሐፍረት መንገድ ይለቅ ነበር።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አሳየች፣ «አንቱ ሰውዬ፣ የራስዎ ጣሪያ እያፈሰሰ የእማሆይን ይደፍናሉ?» ሲሏቸው፣ «የእኛ ቢያፈስ ተቃቅፈን እንሞቃለን፤ እማሆይ ግን ማንን ያቅፋሉ?» ይሉ ነበር። ሲተቃቀፉም ኦልያድንና አያንቱን ወለዱ።

ዘንድሮ ግን ሳንባቸው ታሞ አልጋ ላይ ሲውሉ፣ የልጆቹን ወላጆች አስጠርተው፣ «አደራ፣ እኔ እስክድን አንዳችሁ ይዛችኋቸው ውጡ» ብለው ለመኑ። አንዱ «ጋሼ፣ ጉልበቴን ያመኛል» አለ፤ አንዷ «የእኔ ልብ ዳገት አይችልም» አለች፤ ሌላው ደግሞ «መኪና የሚያስገባ መንገድ ሲሠራ» ብሎ ወጣ። ልጅ ያለ አዋቂ ወደ ተራራ አይላክምና ቅዳሜው ቀረ፤ ችግኙ ደረቀ፤ በእማሆይ በርሜል ውስጥም ዝገት ብቻ ቀረ። ሐኪሙ የገደላቸው ሳንባቸው ነው ይላል፤ እኔ ግን ቅዳሜ ጠዋት በራቸውን የሚያንኳኳ ልጅ ሲጠብቁ ስላየኋቸው ሐኪሙን አላመንኩትም። እንዲህ ጆሯቸው በር ላይ እንዳለ፣ ትናንት በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ መሪ ያጣውን የሰፈር ልጅ ሁሉንና በዚህ እርጅናቸው እንስራ ያዘሉ መነኩሲትን ትተውብን ሄደዋል። ሜዳ ላይ አርፈው አያውቁምና፣ ፈጣሪ ከፍ ያለና ውኃ የማይጠፋበት ቦታ ፈልጎ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።

ቅድም አስከሬናቸውን ተሸክመን እዚህ ተራራው ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ እማሆይ በደጃቸው ቆመው ሰልፉን አዩት፤ ባለ ጉልበቱንም፣ ባለ ልቧንም፣ ባለ መኪናውንም አዩአቸው። ከዚያም እንባቸው እየወረደ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እስኪሰማ ጮኹ፦

«እናንተ! ለካ ዳገት መውጣት ትችላላችሁ!»