ለሞያሌ ዘጠኝ ጊዜ

እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ሐሊና ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ባለው የእርዳታ ድርጅት ሕንፃ ደረጃ ላይ የኮምፒውተር ክፍሉን ኃላፊ ጋሽ ጌታቸውን ድንገት አገኘቻቸው። የኔትወርክ ባለሙያ ሆና ከተቀጠረች ሦስት ወሯ ነው፤ ሦስቱንም ወር ከእሳቸው ጋር ስትከራከር ነው የፈጀችው።

«ጋሽ ጌታቸው፣ ትናንትም በሳተላይት የምናስተላልፈው የሥልጠና ምስል የሞያሌ ነርሶች ላይ ቆመባቸው። አስተማሪዋ ታፍኖ የተወለደ ሕፃን እንዴት እንደሚረዳ ስታሳይ እጇ አየር ላይ ቀረ። ዛሬም ከተቋረጠ ሥልጠናው ይሰረዛል።»

«ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በይ ልጄ! የሳተላይቱ መስመር ቀጭን ነው፤ ምን ላድርግ?»

«መስመሩ ይበቃል። እርስዎ ግን ሞያሌ ዙሪያ ላሉት ዘጠኝ ክሊኒኮች ያንኑ ምስል ዘጠኝ ጊዜ ይልኩበታል።»

«ታዲያስ! ለእያንዳንዱ የየራሱን መላክ ወግ ነው። የዕድራችን ጸሐፊ ሆኜ አንድም ሰው በጅምላ ጠርቼ አላውቅም።»

ሐሊና ጥርሷን ነከሰች። ጋሽ ጌታቸው ደግ ሰው ናቸው፤ ይህ ደግነታቸው ግን ሊያሳብዳት ነው።

«እሺ፣ ሰው ሲሞት ሞያሌ ላሉት አባላት ስንት ጊዜ ይደውላሉ?»

«አንዴ ነዋ! እዚያ ቢሯችን ላለው ለአስቻለው እነግረዋለሁ፤ እሱ ለየሰዉ ያደርሳል። ለሠላሳ ሰው የሩቅ ስልክ ይደወላል እንዴ?»

«መልቲካስት እያልኩ የምለፈልፈው እኮ ይህንኑ ነው! ከዚህ አንድ ቅጂ ብቻ ይወጣል። ምስሉን የሚፈልግ ክሊኒክ ቡድኑ ውስጥ ይመዘገባል። ሞያሌ ያለው ራውተር፣ ማለትም አከፋፋዩ መሣሪያ፣ መንገዱ የሚለያይበት ቦታ ላይ አባዝቶ ለተመዘገቡት ያድላል፤ ላልተመዘገበ አይልክም።»

«መንገድ ላይ የምስሉ ቁራጭ ቢጠፋስ? ማን ይመልስላቸዋል?»

ጥያቄው ተገቢ መሆኑ ይበልጥ አናደዳት።

«ማንም አይመልስላቸውም። በቀጥታ ምስል ላይ ግን ትንሽ ጉድለት ብልጭ ብላ ታልፋለች። ለደብዳቤና ለፋይል የድሮው መንገድዎ ይቆይ።»

«በይ፣ ሞክሪው» አሉ ጋሽ ጌታቸው።

ራውተሮቹን ካዘጋጀቻቸው ሳምንት አልፏት ነበር፤ የጎደለው ይህች አንዲት ቃል ብቻ መሆኗ አንገበገባት።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኙም ክሊኒኮች ትምህርቱን ሳይቆራረጥ አዩ። መስመሩ ላይም ለሌላ ሥራ ቦታ ተረፈ፤ አሥረኛ ክሊኒክ ቢጨመር እንኳ ከናይሮቢ የሚወጣው ያው አንድ ቅጂ ነው።

በማግስቱ ነርስ መስቱራ ከሞያሌ ደወለች። «ዛሬ ጠዋት አንድ ልጅ ሳይተነፍስ ተወለደ። ትናንት እንዳየሁት አደረግሁለት፤ አለቀሰ።»

ጋሽ ጌታቸው ዓይናቸውን ጠረጉና የምሥራቹን ለዘጠኙ ክሊኒኮች ሊያሰሙ የመጀመሪያውን ቁጥር መምታት ጀመሩ። ሐሊና በረጅሙ ተነፈሰች። ቀና ብለው አዩዋት፤ ስልኩን ዘጉና ሌላ ቁጥር መቱ።

«አስቻለው፣ ልጁ አለቀሰ» አሉ። «ለሁሉም አድርስልኝ።»