ሚጢጢና ክንፋሞቿ

እማማ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎን፣ እናቷን፣ እግዜር ያጽናዎት። ታላቅ እኅቷንም ከነባሏ። ጎረቤቶቿ፣ የሥራ ባልደረቦቻችን፣ ከጠረጴዛዋ ዙሪያ ጠፍታችሁ የማታውቁ ተጫዋቾች ሁሉ፤ እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉልኝ። ድምፄ ወፍራም ነው ይሉኛል፣ ዛሬ ግን አላምነውም።

ማልቀስ የፈለገ ያልቅስ። እኔም አልቅሻለሁ፣ ዓይኔን ማየት ይበቃል። የቆምኩት ግን ለልቅሶ አይደለም። የቆምኩት ይቺ ሴት ማሸነፏን ልናገር ነው። አሸንፋለች! ማንም እንዳይጠራጠር።

ሥራችንን ለማታውቁ ልንገራችሁ። እኛ የጠረጴዛ ጨዋታ እንሠራለን። ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ። አንዱ ዓለሙን ይተርካል። ሌላው ተዋጊ ይሆናል፣ ሌላዋ አስማተኛ፣ ቁጥር የሚያወጣው ዳይስ ይወረወራል፣ ታሪኩ ይቀጥላል። ማን ምን መሆን ይችላል፣ አስማቱስ እንዴት ይሠራል የሚለውን ሕግ የምታወጣው እሷ ነበረች። እኔ ሠዓሊው ነኝ። እሷ ትፈጥራለች፣ እኔ እሥላለሁ፣ ከዚያ እንጣላለን። እንዲህ ነበር የምንሠራው።

ሁላችንም ሚጢጢ ነበር የምንላት። ቁመቷን ታውቃላችሁ። ሳንባዋንም ታውቃላችሁ። ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ትቆምና ግድግዳውን የምታደንቅ ትመስላለች፤ ለካ ትንፋሽ እየሰበሰበች ነው። ልጅ ሆና፣ እኩዮቿ ግቢ ውስጥ ሲሯሯጡ ምን ይሏት ነበር? እማማ፣ እርስዎ ነዎት የነገሩኝ። «አንቺ ቁጭ ብለሽ እይ» ነው የሚሏት። በክፋት አይደለም፣ አዝነውላት ነው። ቁጭ ብለሽ እይ! ይህቺን ቃል ግን ዕድሜዋን ሙሉ ይቅር አላለቻትም።

ታዲያ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ብድግ አለችና «ክንፋሞቹ ጨዋታው ውስጥ ይግቡ» አለች። ክንፋሞቹ የምንላቸው እነዚያን በተረት የምናውቃቸውን፣ መዳፍ የማይሞሉትን፣ አበባ ውስጥ የሚያድሩትን ፍጥረታት ነው። እስከዚያ ቀን እኔ የጨዋታው ሕግ በሚታተምበት መጽሐፍ ገጾች ጠርዝ ላይ ለጌጥ ነበር የምሥላቸው። አለቃችን ምን አሉ? እዚህ ቆመዋል፣ ይስሙኝ። «የሚበር ፍጡር ካስገባን ግንቡንም ገደሉንም በላዩ ያልፋል፣ ጨዋታው አለቀ ማለት ነው። ክንፉን ካደከምነው ደግሞ ማን ይመርጠዋል? ዳር ላይ ሆነው ይታዩ፣ ያምራሉ።»

ዳር ላይ ሆነው ይታዩ! ለማን ነው እንዲህ የሚባለው? ለሚጢጢ? ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «ዳር ቆሞ የሚታይ ፍጥረት እኔ አልፈጥርም» አለች። እኛም ለመንናት፣ እሷ ወይ ፍንክች።

አስማታቸውን ቶሎ ጨረሰችው። እሳት የለ፣ መብረቅ የለ። የተቋጠረ መፍታት። የተኛ መቀስቀስ። ግዙፍ ማስነጠስ። «ግዙፍ ማስነጠስ ደግሞ ምን የሚሉት አስማት ነው?» ብዬ አሾፍኩባት። ጨዋታውን ስንሞክረው አንድ ግዙፍ በሩን ዘግቶብን ቆመ። ሰይፍ አልበገረውም፣ ቀስት አልበገረውም። አንዷ ክንፋም አፍንጫው ውስጥ ጥልቅ አለች። አስነጠሰ፤ በሩም እሱም አብረው ተነቀሉ። ሳቅ ገደለን፣ እኔ ግን ኩም አልኩ።

መብረሩ ነው አልገራ ያላት። በመጨረሻ አንድ ሕግ ይዛ መጣች። ክንፋም የሆነ ተጫዋች በረራውን በአንድ ትንፋሽ ይተርካል። ትንፋሹ እስካለ ይበራል፣ ሲያልቅ ይወርዳል። «ትንፋሽ ውድ መሆኑን ከኔ በላይ ማን ያውቃል?» አለች። አጨበጨብን። አለቃችን እንኳ ፈገግ አሉ።

ከዚያ ለሙከራ ማንን ጠራች መሰላችሁ? የእኅቷን ባል! ጥሩምባ ነፊውን! ያን ደረት እያየች! ሰውዬው አንዴ አየር ሳበ። ወንዙን ተሻገረ። ግንቡን አለፈ። ዘንዶውን፣ ያን ስንት ወር የደከምንበትን ዘንዶ፣ ከላይ ሰላም ብሎት አለፈ። እኛ ዳይሳችንን እንደጨበጥን አፋችንን ከፍተን ቀረን። ካርታው አለቀ፣ ትንፋሹ ግን አላለቀም። ሳቁ፣ ሳቁ! እሷም ጠረጴዛ ሥር ገብታ ነው የሳቀችው። ስትወጣ ግን ፊቷ ተለውጧል። «እንደኔ ያለ ሰው ክንፋም ሲሆን ከመሬት ሳይነሣ ይወድቃል» አለችኝ። «ጤነኛው ይበራል፣ እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ያውም ራሴ ባወጣሁት ሕግ!» አንጀቴን በላችው።

ከዚያ ታመመች፣ ተኛች። መጽሐፉ ደግሞ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው። አለቃችን ክንፋሞቹ ይውጡ አሉ። ምን ያድርጉ? ሕጉ አልሠራም።

ታላቅ እኅቷን ታውቋታላችሁ። ሰው ጀምሮ እስኪጨርስ መታገሥ አታውቅም፣ አፍ ላይ ነው የምትነጥቀው። በዚህ ስንት ተጣልተዋል! ሆስፒታል ተኝታ ሚጢጢ በረራውን ትለማመዳለች፤ «ክንፌን ዘርግቼ በገደሉ ላይ...» ትልና ትንፋሿ ቁርጥ። እኅት እንደ ልማዷ ጣልቃ ገባች፤ «...አልፌ ዛፉ ላይ አረፍኩ።» ሚጢጢ ዓይኗ ፈጠጠ። «ድገሚው!» አለቻት። «አታቋርጪኝ እያልኩሽ ኖሬ፣ ለካ መድኃኒቱ አንቺ ጋ ነበር!»

አዲሱ ሕግ እንዲህ ሆነ። አንድ ትንፋሽ አንድ እንቅፋት ብቻ ያሻግራል፣ ረጅምም ይሁን አጭር። የክንፋሙ ትንፋሽ ካለቀ ከጠረጴዛው ሌላ ሰው ቃሉን ከጣለበት ያነሣለታል፤ ያነሣው ግን የራሱን ተራ ያጣል። ያን ጊዜ የጥሩምባ ነፊው ሳንባና የሚጢጢ ሳንባ እኩል ሆኑ። እኩል!

አለቃችንን አስጠራቻቸው። የሕመምተኛ ምግብ የሚቀርብበትን ጠረጴዛ አልጋው ላይ ስበን ተቀመጥን። እኅት ትተርካለች። ሚጢጢ፣ ሁሌ ዳኛ እንጂ ተጫዋች ሆና የማታውቀው፣ ክንፋም ሆነች። ገደሉ ላይ ትንፋሿ አለቀ፤ ጥሩምባ ነፊው ተቀበላት። ግንቡ ላይ እኔ ተቀበልኳት። ዘንዶው ቀረ። ተራ ያላቸው አለቃችን ብቻ ናቸው፤ ተራቸውን ከሰጡ ግን ዘንዶው ፊት የቆመው የሳቸው ፈረሰኛ መከላከያ አጥቶ ይሞታል። ሁላችንም ዓይን ዓይናቸውን አየን። እሳቸውም ዳይሳቸውን አስቀምጠው «...በዘንዶው ጥርሶች መሃል ክንፌን አጥፌ ሾልኬ ወጣሁ» አሉ። ፈረሰኛቸው ሞተ። እሷ ተሻገረች። «ደረስኩ!» ብላ ጮኸች፤ ነርሷ ሮጣ እስክትገባ ድረስ። አለቃችንም ዓይናቸውን እየጠረጉ «ይታተም» አሉ። ከማረፏ በፊት የታተመውን መጽሐፍ በእጇ ይዛ አይታዋለች፣ ክንፋሞቹ ሙሉ ገጽ ላይ ናቸው።

ሚጢጢ፣ አሁን ላንቺ ልናገር። ሳልነግርሽ የሄድሽብኝ ነገር አለ። ትናንት፣ ሰዎች ጨዋታችንን የሚጫወቱበት ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር። አንድ የሚንተባተብ ሰው ክንፋም ሆኖ ተቀምጧል። በረራውን ጀመረ፣ ቃሉ ያዘው። ጠረጴዛው ሁሉ ሊቀበለው ተሽቀዳደመ። እሱ ግን እጁን አንሥቶ አስቆማቸው። «ተ... ተዉኝ፤ ትንፋሽ አለኝ» አለ። ጠበቁት። አንድ ሰው እንኳ ሰዓቱን አላየም። ቃሉን ራሱ ጨረሰና ወንዙን ተሻገረ።

ይህን ያደረግሽው አንቺ ነሽ። ደህና ሁኚ፣ እኅቴ።