የአሰልጣኙ ጆሮ

በስደት በምንኖርባት ከተማ፣ ከዴም ወደ ሀብታሞቹ ሰፈር ወደ ካፉሪ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠችው የቤት ሠራተኛ አጠገቧ ያሉትን ሰውዬ በአማርኛ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ጆሮዎን እንዲህ ያጨማደደብዎት ፖሊስ ነው?»

«የለም እህቴ፣ የትግል ስፖርት ነው። ድሮ አገር ያወቀኝ ታጋይ ነበርኩ፤ ኋላ ኮሌጅ ውስጥ አሰለጠንኩ።»

«አሁንስ?»

«ሐሪስ ነኝ፣ ዘበኛ፤ የሀብታም በር እጠብቃለሁ።»

«አብሽሩ።»

«ተማሪዎቼ በዚህ ጆሮ ይቀኑ ነበር። ለእኛ ከሜዳሊያ ይበልጣል።»

«ወላሂ፣ ስደተኛ ቢሮ ሲሄዱ ግን ፖሊስ ነው ቢሉ ይሻልዎታል። ትግል ቢሏቸው ማን ይሰማዎታል?»

«እንደሱ ነው ያልኳቸው።»

«አመኑዎት?»

«እሱንማ አመኑኝ። አሰልጣኝ ነበርኩ ስላቸው ነው የሳቁብኝ።»

መውረጃዬ ሲያልፈኝ እንኳ ዓይኔን ከጆሯቸው ላይ አላነሳሁም።