ሰማይ ድንገት ቢበራ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ጎልማሳ ገበሬ አጠገባቸው ደብተር የሚያርመውን ወጣት ጠየቁት።

«መምህር ነዎት?»

«አዎ አባቴ፣ ሳይንስ ነው የማስተምረው።»

«ከሰማይ ድንጋይ ይወርዳል የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ከዓመታት በፊት ሩሲያ ላይ አንዱ አየር ላይ ፈንድቶ ብዙ ሰው ተጎድቷል።»

«ድንጋዩ መታቸው?»

«የለም። ብርሃኑን ለማየት መስኮት ላይ ቆሙ፤ ድምፁ ዘግይቶ ሲመጣ መስታወቱ ተሰብሮ ቆረጣቸው።»

«አስቀድሞ የሚያይ የለም?»

«ሰማዩን በትልልቅ መነጽር የሚጠብቁ አሉ። ያኛው ግን በፀሐይ በኩል ስለመጣ አላዩትም። ለምን ጠየቁኝ?»

«ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት። ስለ በረዶና ጎርፍ በተጠራ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስታ፣ ሰማይ ድንገት ቢበራ ከመስኮት ራቁ አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ከሁሉም አስበልጬ ሳቅሁ። ተቀመጪ፣ አታዋርጂኝ አልኋት።»

«ከዚያስ?»

«ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ እኔ ስገባ ደብተሯን ትከድናለች።»

«ዛሬ ሲገቡ ልክ ነበርሽ ይበሏታ።»

«በሰው ፊት አዋርጄ፣ የጓዳ ይቅርታ ምን ያደርግላታል?»

«እንግዲያው በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስተው ይናገሩላት።»

ሰውዬው ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«ሰው ይስቅብኛል፣ መምህር።»

ወራጅ አለ ማለት ሲገባኝ፣ እነሱን ሳዳምጥ ከምወርድበት አለፍሁ።