ባለ ፋኑ ማዘርቦርድ

የመጀመሪያዬን ኮምፒውተር ልገጣጥም ብዬ ከባለቤቴ ጋር ጁባ ታውን ገበያ ሄድን። ጋምቤላ ያደገ፣ አማርኛ የሚችል ሻጭ ሁለት ማዘርቦርዶች አቀረበልን፤ አንዱ ቺፕሴት የሚባለውን የሚግል ክፍሉን የሚያቀዘቅዝ ትንሽ ፋን አለው፣ ሌላው ሙቀት የሚያወጣ ብረት ብቻ። በዚህ ሙቀትማ ብዬ ባለ ፋኑን አነሳሁ።

"ድምፅ አለው?" አለችው ባለቤቴ።

"አቧራ ሲገባው ይጮኻል" አላት።

እጄን ያዝ አድርጋ፣ "የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ልጃችን አስም አለባት፤ ስትተኛ ትንፋሿን መስማት አለብኝ" አለችኝ ቀስ ብላ። ለካ እኔ ለጥ ብዬ ስተኛ እሷ ስታዳምጥ ነው የምታድረው! ባለ ፋኑን መልሼ አስቀመጥኩት።

"ብረቱ ብቻውን ይበቃል?" አልኩት ሻጩን።

"ሳጥኑ፣ ኬዙ፣ አየር ካገኘ ኳይስ ነው፤ ደህና ይሠራል" አለኝ።

ባለ ብረቱን ገዛን። አሁን እኔ ስሠራ ልጄ ከኋላዬ ትተኛለች። እናቷም አጠገቧ ጋደም ብላ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ የልጃችንን ትንፋሽ የማዳምጠው እኔ ነኝ።